ሁለት ድርድሮች እኩል የሚሆኑት መቼ ነው?

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት እጅግ ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ድርድሮችን ጎን ለጎን አቁሞ «እነዚህ እኩል ናቸውን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው በአንድ መስመር ይጻፋል፤ መልሱም «አዎን» ወይም «አይደለም» እንደሚሆን ይታሰባል። ይሁን እንጂ በዚህች አንድ መስመር ላይ የሚመሠረቱት ውሳኔዎች ብዙ ናቸው። የደመወዝ መዝገብ ከባንክ መዝገብ ጋር የሚመሳከረው፣ በግድብ ላይ የተተከለ መለኪያ የዛሬ ንባቡ ከትናንቱ ጋር የሚነጻጸረው፣ የአንድ ታማሚ ካርድ ከሺህ ካርዶች መካከል የሚፈለገው በዚሁ ጥያቄ ነው። መልሱ ሲሳሳት ማሽኑ አይጮኽም፤ ሥራውን ይቀጥላል። ስለ ጉዳዩ ለመናገር የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

«ድርድር» የሚለው ቃል በዜና ሲሰማ የሰላም ንግግርን እንደሚያስታውስ አላጣሁትም። እኔ ግን በዚህ ንግግር ውስጥ «ደረደረ» ከሚለው ግሥ የወጣውን፣ በፕሮግራም ሙያ አሬይ የሚባለውን ማለቴ ነው። ድርድር ማለት በዕቃ ግምጃ ቤት መደርደሪያ ላይ እንዳሉ ሣጥኖች፣ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተከታትለው የተቀመጡ ዋጋዎች ስብስብ ነው። የአንድ ወር የዝናብ መጠን የ30 ቁጥሮች ድርድር ነው። የአንድ ሰው ስም የፊደላት ድርድር ነው። ፎቶግራፍም የነጥቦች ድርድር ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

ለማስረዳት የምሞክረው ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው። ሁለት ድርድሮች እኩል ናቸው ወይም አይደሉም የሚባለው እንደ ጠያቂው ዓላማ ነው። ዓላማውን መሐንዲሱ አስቀድሞ ካልወሰነ የፕሮግራሙ ቋንቋ ይወስንለታል፤ ቋንቋዎቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

ቦታና ይዘት

አንድ የሕንፃ ፕላን በሁለት ቅጂ ታትሞ አንዱ በቢሮ፣ አንዱ በሥራው ቦታ ቢቀመጥ፣ «እነዚህ አንድ ናቸውን?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልሶች አሉ። ወረቀቱን ለሚቆጥር ሰው ሁለት ናቸው፤ ሥዕሉን ለሚያነብ ሰው አንድ ናቸው። በቢሮው ቅጂ ላይ አንድ ግድግዳ ቢሰረዝ የሥራው ቦታ ቅጂ አይለወጥም። በአንጻሩ አንዱን ወረቀት በሁለት ስም ብንጠራው በአንዱ ስም የተደረገው ለውጥ በሌላውም ስም ይገኛል። የፕሮግራም ቋንቋዎች በመጀመሪያ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ አንዳንዶቹ ወረቀቱን ይቆጥራሉ፣ ሌሎቹ ሥዕሉን ያነባሉ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪዎች የሠራው ሲ የተባለው ቋንቋ ወረቀት ቆጣሪ ነው። «ሀ» እና «ለ» የሚባሉ ሁለት ድርድሮች እያንዳንዳቸው 1፣ 2፣ 3 የሚሉትን ቁጥሮች ይዘው «ሀ == ለ» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሲ ቁጥሮቹን አያይም። የድርድሮቹን የመጀመሪያ ሣጥኖች አድራሻ ብቻ ያመሳክራል። ሁለቱ በማስታወሻው ክፍል ውስጥ በተለያየ ስፍራ የሚኖሩ በመሆናቸው መልሱ ሁልጊዜ «አይደለም» ነው። ይህ አሠራር ብዙ ሰው ከማሳሳቱ የተነሣ በ2020 የወጣው የሲ ፕላስ ፕላስ ደረጃ እንዲህ ያለውን ንጽጽር ሊተው የሚገባው ልማድ አድርጎ መድቦታል። በሲ ይዘትን ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ሣጥኖቹን አንድ በአንድ መመልከት ይኖርበታል። ባይቶችን በጅምላ የሚያመሳክር ተግባርም አለ፤ ነገር ግን የድርድሩ አባላት ልዩ ልዩ መስኮች ያሏቸው መዝገቦች ከሆኑ፣ በመስኮቹ መካከል ለመሙያ የሚተዉት ባይቶች የማንም ያልሆነ ቆሻሻ ሊይዙ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት በይዘት እኩል የሆኑ ሁለት መዝገቦች እኩል አይደሉም ሊባሉ ይችላሉ።

በ1995 ይፋ የሆነው ጃቫም በዚህ ረገድ የሲን መንገድ ተከትሏል። በጃቫ ሁለቱ የእኩል ምልክቶች የሚጠይቁት «አንድ ዕቃ ናቸውን?» ብለው ነው። ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ድርድሩ ራሱ የሚይዘው «ኢኩዋልስ» የተባለው ተግባር ነው፤ ስሙ የይዘት እኩልነትን የሚፈትን ቢያስመስለውም እርሱም የሚጠይቀው ስለ ዕቃው አንድነት ብቻ ነው። ይዘትን ለማነጻጸር «አሬይስ» በተባለው ክፍል ውስጥ ያለውን ሌላውን «ኢኩዋልስ» መጥራት ያስፈልጋል። ድርድሩ በውስጡ ሌሎች ድርድሮችን የያዘ እንደሆነ ደግሞ ይህም አይበቃም፤ ምክንያቱም የውስጦቹን ድርድሮች ሲደርስባቸው እንደገና ወረቀት ይቆጥራል። እስከ ውስጥ ዘልቆ የሚመረምረው «ዲፕ ኢኩዋልስ» የተጨመረው በ2004 ነው።

ጃቫስክሪፕት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። 1 እና 2ን የያዙ ሁለት ድርድሮችን ቢያነጻጽሩት እኩል አይደሉም ይላል። ያንኑ ድርድር በሁለቱ የእኩል ምልክቶች «1,2» ከሚል ጽሑፍ ጋር ቢያነጻጽሩት ግን ድርድሩን ወደ ጽሑፍ ለውጦ እኩል ናቸው ይላል። ይህ ወንድሙን አላውቅህም ብሎ ባዕዱን ወንድሜ እንደሚል ሰው መሆን ነው። ሦስት የእኩል ምልክቶች ቢጻፉ ሁለተኛው ስሕተት ይወገዳል፤ የመጀመሪያው ግን ይቀራል።

ፓይተን ሁለቱን ጥያቄዎች በሁለት ቃል ለይቷቸዋል፤ ሁለቱ የእኩል ምልክቶች ይዘትን ይጠይቃሉ፣ «ኢዝ» የሚለው ቃል ዕቃውን ይጠይቃል። በ2009 ይፋ የሆነው ጎ የተባለው ቋንቋ ከዚህም አልፎ ሄዷል። ርዝመታቸው የተወሰነ ድርድሮችን በይዘት ያነጻጽራል፤ ርዝመታቸው የተለያየ ከሆነ ፕሮግራሙን ለመተርጎም እንቢ ይላል። ርዝመታቸው በሥራ ላይ ለሚለዋወጥ ድርድሮች ደግሞ የእኩል ምልክትን ከነጭራሹ ከልክሎ፣ ጸሐፊው የሚፈልገውን በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል። በእኔ አስተያየት እንቢታው የሚመሰገን ነው። ጥያቄው ሁለት ትርጉም ካለው፣ አንዱን በዝምታ መርጦ ከመመለስ «የትኛውን ነው የምትለው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መልሱ ራሱ ድርድር ሲሆን

በሳይንሳዊ ስሌት የምንሠራ ሰዎች ሌላ ዓይነት መልስ እናውቃለን። በፎርትራን 90 ሁለት ድርድሮች ሲነጻጸሩ የሚመለሰው አንድ «አዎን» ሳይሆን የ«አዎን» እና የ«አይደለም» ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ ሣጥን ከአቻው ጋር ለየብቻ ይመሳከራል። ለጠቅላላው ፍርድ «ሁሉም» የሚለውን ተግባር መጨመር የጸሐፊው ፈንታ ነው። የኬኔት አይቨርሰን ኤፒኤል የተባለው ቋንቋም ለሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት ምልክቶች አሉት፤ «=» ሣጥን በሣጥን ያነጻጽራል፣ «≡» ደግሞ ሁለቱ ነገሮች በጠቅላላ መግጠማቸውን ይናገራል።

ዛሬ በፓይተን ለሚሠሩ መሐንዲሶች የዘወትር መሣሪያ የሆነው ነምፓይም የሚከተለው የሣጥን በሣጥኑን መንገድ ነው። የንጽጽሩን ውጤት በቀጥታ በ«ከሆነ» ውስጥ ያስገባ ሰው፣ የብዙ አባላት ድርድር እውነትነቱ አሻሚ ነው የሚል የስሕተት መልእክት ይደርሰዋል። ይህ መልእክት ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ነው። አደጋው የሚመጣው ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት ያህል ብቻ «ሁሉም» ወይም «አንዱ እንኳ» ከሚሉት ተግባሮች አንዱ ሳይታሰብበት ሲጨመር ነው።

«ሁሉም» የሚለውም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። ነምፓይ አንድ አባል ብቻ ያለውን ድርድር በሌላው ልክ እየዘረጋ ያነጻጽራል። ስለዚህ ሦስት አንዶችን የያዘ ድርድር አንድ አንድ ብቻ ከያዘ ድርድር ጋር ሲነጻጸር «ሁሉም እኩል ናቸው» ይባላል። ከዚህ የሚብሰው ባዶ ድርድር ነው። አንድ ንባብ ያለው ድርድር ምንም ከሌለው ድርድር ጋር ሲነጻጸር የሚመለሰው ባዶ መልስ ነው፤ በባዶ ውስጥም «አይደለም» የሚል ስለማይገኝ «ሁሉም» የሚለው ተግባር «አዎን» ብሎ ያጸድቃል። አንድ የመለኪያ ጣቢያ ተበላሽቶ ምንም ባይልክ፣ ጸጥታው ከተጠበቀው ንባብ ጋር እኩል ነው ተብሎ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ቅርጽንና ርዝመትን አስቀድሞ የሚመረምረው «አሬይ ኢኩዋል» የተባለው ተግባር የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

የቁጥር እኩልነትና የተፈቀደ ልዩነት

እስካሁን በእያንዳንዱ ሣጥን ያለው ቁጥር ከአቻው ጋር እኩል መሆን አለመሆኑ በግልጽ የሚታወቅ አድርገን ተነጋገርን። ሙሉ ቁጥር ከሆነ እውነት ነው። ክፍልፋይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ሦስተኛ በአሥር መሠረት ሲጻፍ 0.333 እያለ እንደማያልቅ ሁሉ፣ 0.1ም በሁለት መሠረት ሲጻፍ ማለቂያ የለውም። ኮምፒዩተሩ የሚይዘው ተቆርጦ የተጠጋጋውን ነው። በ64 ቢት ስሌት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ስለሚሆኑ ከ0.3 ጋር እኩል አይደሉም። ይህን ዓይነት ስሌት የሚገዛው ደረጃ በ1985 ጸድቋል፤ ለዝግጅቱ ዋናውን አስተዋጽኦ ያደረገው ዊልያም ካሃን በ1989 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀብሏል። ደረጃው ስሌቱን በየማሽኑ አንድ ዓይነት እንዲሆን ረድቷል እንጂ ማጠጋጋትን አላስቀረም። እነዚያኑ ቁጥሮች በሌላ ቅደም ተከተል መደመር እንኳ በመጨረሻው አሃዝ ላይ ልዩ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

የማጠጋጋት ስሕተት ከወረቀት አልፎ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል የካቲት 18 ቀን 1983 በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ታይቷል። የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ሥርዓት ጊዜን በሰከንድ አሥረኛ ይቆጥር ነበር፤ ቆጠራው ወደ ሰከንድ የሚለወጠው ደግሞ በ24 ቢት በተቆረጠ 0.1 ተባዝቶ ነበር። ሥርዓቱ ሳይቋረጥ 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ ስሕተቱ ወደ 0.34 ሰከንድ አደገ። ሚሳይሉ ይገኛል በተባለበት ስፍራ ሳይገኝ ቀርቶ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ጉዳዩ የድርድር ንጽጽር አይደለም፤ ሥሩ ግን ይኸው ተጠጋግቶ የተቀመጠ 0.1 ነው።

ስለሆነም ክፍልፋይ ቁጥሮችን የያዙ ድርድሮች የሚነጻጸሩት በተፈቀደ ልዩነት ነው። ለመካኒካልና ለሲቪል መሐንዲስ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ያለ ተፈቀደ ልዩነት የተሰጠ መለኪያ ማንም አይቀበልም። በፕሮግራም ውስጥ ግን ልዩነቱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው መሣሪያው ነው። ነምፓይ ውስጥ «ኦልክሎዝ» የተባለው ተግባር ሌላ ካልተነገረው በስተቀር የሁለተኛውን ቁጥር አንድ መቶ ሺኛ፣ በዚያ ላይ ደግሞ አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ይፈቅዳል። ለሜትር ይህ መልካም ሊሆን ይችላል። በሜትር የተጻፈ የናኖሜትር ልኬት ግን 0.000000001 እና 0.000000002 ስለሚሆን፣ አንዱ የሌላው እጥፍ እያለ ሁለቱ እኩል ናቸው ይባላል። መጠኑ የሚሰላው ከሁለተኛው ቁጥር በመሆኑም፣ በጠረፉ ላይ «ሀ ከለ ጋር» እና «ለ ከሀ ጋር» ልዩ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ።

ከዚህም የሚጠልቅ ነገር አለ። የተፈቀደው ልዩነት 1 ሚሊሜትር ነው እንበል። 10.0 ከ10.8 ጋር እኩል ነው፤ 10.8 ከ11.6 ጋር እኩል ነው፤ 10.0 ግን ከ11.6 ጋር እኩል አይደለም። በትምህርት ቤት የተማርነው «ሁለት ነገሮች ከአንድ ሦስተኛ ጋር እኩል ከሆኑ እርስ በርሳቸው እኩል ናቸው» የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ስለዚህ በተፈቀደ ልዩነት መመዘኛ ንባቦችን በቡድን የሚከፍል ወይም ተደጋጋሚዎችን የሚያስወግድ ፕሮግራም፣ ከየትኛው ንባብ እንደ ጀመረ ውጤቱ ሊለያይ ይችላል።

ቁጥር ያልሆነ ቁጥርም አለ። መለኪያው ሳይሠራ ሲቀር ወይም ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል የሚቀመጠው «ናን» የተባለው ምልክት በደረጃው መሠረት ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። ቋንቋዎቹ ግን ይህን በድርድር ውስጥ አንድ ዓይነት አድርገው አይዙትም። የጃቫው «አሬይስ ኢኩዋልስ» ሁለት ናኖችን እኩል ናቸው ይላል፤ አዎንታዊውንና አሉታዊውን ዜሮ ደግሞ ይለያቸዋል፤ ይህም ቁጥሮቹ ለየብቻ ሲነጻጸሩ ከሚሰጡት መልስ ተቃራኒ ነው። ፓይተን ያንኑ አንድ የናን ዕቃ የያዙ ሁለት ዝርዝሮችን እኩል ሲል፣ ለየብቻ የተፈጠሩ ናኖችን የያዙትን እኩል አይደሉም ይላል። የጎደለ ንባብ ከጎደለ ንባብ ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም የሚለውን መወሰን ያለበት ሥራውን የሚያውቀው ባለሙያ ነው።

የፊደላችን ጉዳይ

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ስም የፊደላት ድርድር ነው ብያለሁ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ነው። «ሠ» 4640፣ «ሰ» 4656 ነው። «አ» 4768፣ «ዐ» 4816፤ «ጸ» 4920፣ «ፀ» 4928 ነው። በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ያላቸው ሆሄያት ለማሽኑ ፈጽሞ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ዩኒኮድ ያወጣቸው የማስተካከያ ሕጎችም እነዚህን አያዋሕዱም።

«ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን የተለመደ ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ሆሄ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ በ6 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ «ሥ» በ2፣ «ሴ»ም በ2 መንገድ። 6 በ2 በ2 ሲባዛ 24 ይሆናል። ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ወይም ተለያይተው ሊጻፉ ስለሚችሉ 48 ይደርሳል። ለሰው ጆሮ አንድ የሆነው ስም ለማሽኑ 48 የተለያዩ ድርድሮች ነው። በአንድ መዝገብ ቤት በ«ኃ» የተመዘገበ ታማሚ በሌላ ቀን በ«ሀ» ቢፈለግ «የለም» ይባላል፤ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ የሚጎዳው መድኃኒት በአሮጌው ካርድ ላይ ተጽፎ ይቀራል። በደመወዝ መዝገብ ላይ ያንድ ሰው ስም ሁለት ሆኖ ሊከፈልበት፣ በጡረታ መዝገብ ላይ ደግሞ ባለመብቱ ሊታጣ ይችላል።

ሥርዓተ ነጥብም ከዚህ አያመልጥም። አራት ነጥብ የራሱ ቁጥር 4962 ሲኖረው፣ ብዙ ጸሐፊዎች ግን 4961 የሆነውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ መትተው ያንኑ መልክ ያወጡታል። በወረቀት ላይ የማይለዩ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እንዲህ ባለ ምክንያት ርዝመታቸው እንኳ የማይተካከል ድርድሮች ይሆናሉ።

እንግዲያው ሞክሼ ሆሄያትን ሁሉ በአንድ ጠቅልሎ መጨረስ አይሻልም ወይ ይባል ይሆናል። ለስም ፍለጋ አዎን፤ ለሁሉ ነገር ግን አይሆንም። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። የብራና መጻሕፍትን ቅጂዎች እያመሳከረ ለሚያጠና ሰው የሆሄው ልዩነት ራሱ የሚፈለገው ማስረጃ ነው። ያው ሁለት ድርድር ለሆስፒታሉ መዝገብ እኩል፣ ለግዕዝ ሊቁ የተለያየ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ስለዚህ የምመክረው መፍትሔ ስሙን ባለቤቱ እንደ ጻፈው ሳይነኩ አስቀምጦ፣ በጎኑ ለንጽጽር ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼዎቹ የተዋሐዱበትና ክፍተቱ የተወገደበት ሁለተኛ ድርድር ማዘጋጀት ነው። ፍለጋው በሁለተኛው ይካሄዳል፤ ለሕትመትና ለሕጋዊ ሰነድ የሚወጣው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ድርድር የተለያዩ ሰዎችንም ሊያገናኝ ስለሚችል፣ የተገኘው ስም እጩ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የትውልድ ዘመንና የአባት ስም ተመልክቶ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል።

ተራና ብዛት

ስለ ቅደም ተከተል በአጭሩ ልናገር። 3፣ 5፣ 5 እና 5፣ 3፣ 5 እኩል ናቸውን? የሙቀት ንባብ ከሆኑ አይደሉም፤ ሰዓቱ ተዛብቷል። በሣጥን ውስጥ ያሉ የብሎን መጠኖች ከሆኑ እኩል ናቸው። የኋለኛው ከሆነ የሁለቱንም ቅጂ በተራ ደርድሮ ማነጻጸር ይበቃል። ቅጂውን ማለቴ ሆነ ተብሎ ነው፤ ብዙ የመደርደሪያ ተግባሮች ዋናውን ድርድር ስለሚያምሱት የንባቡ ሰዓት ለዘለዓለም ይጠፋል። ድርድሩን ወደ ስብስብ ለውጦ ማነጻጸር ደግሞ ብዛትን ይሰርዛል፤ 3፣ 3፣ 5 እና 3፣ 5፣ 5 እኩል ሆነው ይገኛሉ።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ወደ አራት ጥያቄዎች ይጠቃለላሉ። አንደኛ፣ የምንጠይቀው ስለ ዕቃው አንድነት ነው ወይስ ስለ ይዘቱ፤ ይዘትስ ከሆነ እስከ ምን ጥልቀት? ሁለተኛ፣ ርዝመት፣ ቅደም ተከተልና ብዛት ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም? ሦስተኛ፣ የተፈቀደው ልዩነት ስንት ነው፣ በምን መለኪያ፣ ከየት የተገኘ፤ የጎደለ ንባብስ እንዴት ይታያል? አራተኛ፣ ጽሑፍ ከሆነ የትኞቹ ሆሄያት እንደ አንድ ይቆጠራሉ? የእነዚህ መልስ በፕሮግራሙ የንድፍ ሰነድ ላይ፣ እንደ ማንኛውም የምሕንድስና መለኪያ፣ በጽሑፍ መስፈር ይገባዋል። ፕሮግራሙም ሲፈተን ባዶው ድርድር፣ ባለ አንድ አባሉ፣ ርዝመቱ የተለየው፣ ናን ያለበትና በሌላ ሆሄ የተጻፈው ስም ከፈተናው እንዳይቀሩ ያስፈልጋል።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በአማርኛ ስሞች ንጽጽር ረገድ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ሕግ በየፊናው ከሚያወጣ፣ ከቋንቋና ከግዕዝ ሊቃውንት ጋር ተመካክረን አንድ የጋራ የንጽጽር ደንብ ብናዘጋጅ፣ አንዱ መዝገብ የሚያውቀውን ሰው ሌላው «አላውቀውም» እንዳይለው መንገድ ይከፈታል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ የሆሄያቱ ሠንጠረዥ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሚያስፈልገው በሠንጠረዡ ላይ መስማማት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሌላኛው ዓይነት ድርድርም ሳያስፈልገን አይቀርም።